ዝናብን በራዳርና በዲጂታል ካርታ መከታተል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዶፍ ሲጥል ሰው ቀና ብሎ የሚያየው የራሱን ሰማይ ነው። የጎርፍ አደጋ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዓይን ከማይደርስበት፣ ከወንዙ ራስጌ ነው። ዝናቡ የወረደበት ቦታና ጉዳቱ የሚደርስበት ቦታ ይለያያሉ። ራዳር የመጀመሪያውን ያሳየናል፤ ዲጂታል ካርታ ሁለተኛውን። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ማስጠንቀቂያ የሚወለደው። እንዴት እንደሚገናኙ፣ የት ላይ እንደሚሳሳቱም ጭምር፣ ሰዎች ደጋግመው በሚጠይቁት መሠረት እንሂድ።

ራዳር የሚያየው ዳመናውን ነው ወይስ ዝናቡን?

ዝናቡን። አንቴናው እየዞረ አጫጭር የማይክሮዌቭ ሞገዶችን ወደ ሰማይ ይለቃል። ሞገዱ የዝናብ ጠብታ ወይም በረዶ ሲያገኝ ከጉልበቱ ጥቂቱ ተመልሶ ይመጣል። ልክ እንደ ገደል ማሚቶ ማለት ነው። የራዳር ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚጥል ዝናብ ማሚቶው የሚመለሰው በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ነው። የወሰደው ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። አንቴናው የዞረበት ወገን አቅጣጫውን ይናገራል። የማሚቶው ጉልበት ደግሞ የዝናቡን ብርታት።

የዳመና ጠብታ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ተራ የዝናብ ራዳር አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። ሰማዩ ጠቁሮ ስክሪኑ ባዶ ከሆነ ገና መዝነብ አልጀመረም ማለት ሊሆን ይችላል።

ነገሩ የተጀመረውም ሳይታሰብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን የሚጠብቁ የራዳር ሠራተኞች ስክሪናቸውን የሚረብሸው ነገር ዝናብ መሆኑን አስተዋሉ። ከጦርነቱ በኋላ ያ ረብሻ ራሱ የሚፈለግ መረጃ ሆነ።

ማሚቶው ወደ ሚሊ ሜትር እንዴት ይለወጣል?

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንይ። ብዙው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ራዳር ውሃ አይለካም። የሚለካው የማሚቶውን ጉልበት ብቻ ነው። የአንድ ጠብታ ማሚቶ ከዲያሜትሩ ጋር በስድስተኛ ኃይል ያድጋል። ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን ጠብታው የያዘው ውሃ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ማሚቶው ግን 64 እጥፍ። ስለዚህ ጥቂት ትልልቅ ጠብታዎች ከብዙ ትንንሾች በልጠው ይሰማሉ። ተመሳሳይ ማሚቶ የሰጡ ሁለት ዝናቦች መሬት ላይ የሚያወርዱት ውሃ በጣም ሊለያይ ይችላል።

ይህንን ለመፍታት ባለሙያዎች የተለመደ ቀመር ይጠቀማሉ። በጣም የታወቀው ከማርሻልና ከፓልመር የ1948 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ጋር የሚያያዘው ነው። የማሚቶውን ብርታት፣ የዝናቡን የሰዓት መጠን በ1.6 ኃይል አድርጎ በ200 በማባዛት ይገልጸዋል። የማሚቶ ብርታት ዲቢዜድ በሚባል፣ ቁጥሩ በ10 ሲጨምር ማሚቶው 10 እጥፍ በሚሆንበት መለኪያ ይጻፋል። በዚህ ቀመር 23 ዲቢዜድ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 40 ዲቢዜድ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 50 ዲቢዜድ ደግሞ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቁጥሩ ትንሽ ሲጨምር ዝናቡ ምን ያህል እንደሚዘል ልብ በሉ።

ቀመሩ ግን ለሁሉም ዝናብ አይሠራም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28፣ 1997 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት በምትገኘው በፎርት ኮሊንስ ከተማ ከባድ ጎርፍ ደረሰ። አምስት ሰዎች ሞቱ። የዕለቱ ዝናብ ብዙ መካከለኛና ትንንሽ ጠብታዎች የበዙበት፣ የሞቃት ባሕር ዳርቻ ዓይነት ዝናብ ነበር። በራዳሩ ላይ ይሠራበት የነበረው ቀመር ደግሞ የተለመደውን ነጎድጓድ ያሰበ ነበር። ስለዚህ ራዳሩ መሬት ላይ ከወረደው በጣም ያነሰ ውሃ አሳየ።

ዛሬ ብዙ ራዳሮች ባለ ሁለት አቅጣጫ ሞገድ ናቸው። አንዱን ሞገድ አግድም፣ ሌላውን ቀጥ አድርገው ይልካሉ። ትልቅ የዝናብ ጠብታ ሲወርድ ጠፍጠፍ ይላል፤ ስለዚህ የአግድሙ ማሚቶ ይበረታል። በረዶ ግን እየተገለባበጠ ስለሚወርድ ሁለቱ ማሚቶዎች ይቀራረባሉ። በዚህ ልዩነት በረዶውን ከዶፉ፣ ወፍና ነፍሳትን ከዝናብ መለየት ይቻላል። አሜሪካ 160 ገደማ ራዳሮቿን ወደዚህ ዓይነት የቀየረችው እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ነው። በእኔ እይታ ለዝናብ ልኬት ከመጡት ማሻሻያዎች ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

መሬት ላይ የዝናብ መለኪያ ካለ ራዳር ለምን ያስፈልጋል?

መለኪያው እውነቱን ይናገራል፤ ግን የቆመበትን ቦታ ብቻ። አፉ ብዙውን ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የነጎድጓድ ዝናብ እምብርት ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። በሁለት መለኪያዎች መካከል መንደር የሚጠርግ ዶፍ ወርዶ ሁለቱም ዜሮ ሊጽፉ ይችላሉ።

ራዳር በተቃራኒው ሰፊ ቦታ ያያል፤ መጠኑን ግን ይገምታል። ስለዚህ ሁለቱን ማጋባት ግድ ነው። የራዳሩ ካርታ የዝናቡን ቅርጽ ይሰጣል። መለኪያዎቹ ደግሞ ቁጥሩን ያርማሉ። ራዳሩ 20 ሚሊ ሜትር ያለበት ቦታ መለኪያው 30 ከጻፈ፣ በአካባቢው ያለው ግምት ከፍ ይደረጋል። ራዳር ገዝቶ መለኪያዎችን ችላ ማለት ትልቅ ጥፋት ነው። የሚታረምበት ነገር የሌለው ራዳር ቆንጆ ሥዕል ያሳያል እንጂ ሊታመን የሚችል ቁጥር አይሰጥም።

ራዳር የማያየው ዝናብ አለ?

አለ፤ ብዙ።

አንደኛው ምክንያት ተራራ ነው። ሞገዱ ተራራ ሲገጥመው ይቆማል። ከተራራው ጀርባ ያለው ሸለቆ ጥላ ውስጥ ይቀራል። የሚያሳዝነው፣ ደራሽ ውሃ በብዛት የሚነሳው ከእንዲህ ዓይነት ሸለቆ ነው።

ሁለተኛው የምድር ክብነት ነው። ሞገዱ ከአድማስ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቀና ብሎ ቢወጣ እንኳ፣ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከራዳሩ ደረጃ ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። 200 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በታች ያለው ዝናብ አይታይም። ሞገዱም እየሰፋ ይሄዳል፤ አንድ ዲግሪ ስፋት ያለው ጨረር 100 ኪሎ ሜትር ላይ 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ «የራዳሩ ሽፋን 250 ኪሎ ሜትር ነው» ሲባል ዝናብ መኖሩን የሚያይበት ርቀት ነው። መጠኑን በደህና የሚለካበት ርቀት ከዚያ በጣም ያንሳል።

ሦስተኛው ራሱ ዝናቡ ነው። በተለይ አጭር ሞገድ ያለው ራዳር ፊት ለፊቱ ዶፍ ከቆመ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል፤ ከዶፉ ጀርባ ያለው ሌላ ዶፍ ደካማ መስሎ ይታያል ወይም ጭራሽ ይጠፋል።

ተቃራኒውም አለ። በረዶ እየቀለጠ በሚወርድበት ከፍታ ላይ ማሚቶው ይጋነናል፤ ቀለል ያለ ዝናብ ከባድ ይመስላል።

ኤስ፣ ሲ፣ ኤክስ ባንድ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

የሞገድ ርዝመት ስሞች ናቸው። ኤስ ባንድ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ዶፍ ሰንጥቆ ሩቅ ያያል፤ ግን አንቴናው ትልቅና ውድ ነው። ሲ ባንድ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ መሃል ላይ ይቀመጣል። ኤክስ ባንድ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አነስ ያለ፣ ዋጋውም ቀለል ያለ፣ ቅርቡን አጥርቶ የሚያይ፣ ግን በዶፍ ቶሎ የሚዳከም ነው። ለአንድ ከተማ ወይም ለአንድ ሸለቆ ኤክስ ባንድ ይመቻል። ጃፓን ኤክስሬይን በሚባለው መረቧ የኤክስና የሲ ባንድ ራዳሮችን አቀናጅታ ዝናብን በ250 ሜትር ጥራት በየደቂቃው ትከታተላለች። አንዱ ራዳር በዶፍ ሲጋረድ ሌላው ከጎን ያያል።

እሺ፣ የዝናቡን ካርታ አገኘን። ዲጂታል ካርታው ምን ይጨምራል?

«ለማን?» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል። የሥራው ልብ ይሄ ነው።

ስሌቱን በቀላሉ እንየው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ነው። አሁን 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ተፋሰስ (ውሃው ሁሉ ወደ አንድ ወንዝ በሚፈስበት መሬት) ላይ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ወረደ እንበል። 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው። ግማሹ መሬት ቢሰርግ እንኳ 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ወደ ወንዙ ይመጣል። ይህ ውሃ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተፋሰሱ አፍ ቢወጣ በአማካይ በሰከንድ 185 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ሲበዛ ቁርጭምጭሚት የሚያረጥብ ወንዝ በዚያ ሰዓት ሰውና መኪና ይወስዳል። የተፋሰሱን ወሰን ካላወቅን ግን ይህንን ስሌት መሥራት አንችልም። «40 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ብለን እንቀራለን።

ወሰኑን የሚሰጠን የከፍታ ካርታ ነው። መሬቱ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን የራሱ የከፍታ ቁጥር አለው። ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ውሃ ወደ የትኛው ጎረቤት እንደሚወርድ ይጠይቃል። ከዚያ ስንት አራት ማዕዘን ወደ አንድ ነጥብ እንደሚያፈስ ይቆጥራል። በዚህ ቆጠራ ብቻ ወንዞቹ፣ ገባሮቹና ተፋሰሶቹ ካርታው ላይ ይወጣሉ። የራዳሩ ዝናብ በዚያ ላይ ሲነጠፍ የትኛው ተፋሰስ ምን ያህል ውሃ እንደተቀበለ ይደመራል። ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ድልድዮችና የጤና ተቋማት ሲጨመሩበት ደግሞ ማን መንገድ ላይ እንዳለ ይታያል።

የከፍታው መረጃ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ 80 በመቶ ገደማ የሚሆነውን የምድር የብስ በራዳር ለካች። 30 ሜትር ጥራት ያለው ውጤቱ ዛሬ በነፃ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ ኮፐርኒከስ የሚባለውን የአውሮፓ የከፍታ ካርታ ጨምሮ የተሻሉ ነፃ መረጃዎችም መጥተዋል።

ነፃ መሆኑ ግን አያዘናጋን። እንዲህ ዓይነቱ ካርታ ብዙ ጊዜ የዛፍ ጫፍና የቤት ጣሪያ ነው የሚያየው። በሜትሮች የሚቆጠር ስህተት አለበት። ገደላማ አገር ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። ሜዳ ላይ ግን የአንድ ሜትር ልዩነት ቤቱ ይጥለቀለቃል ወይስ ይተርፋል የሚለውን ይወስናል። ለከተማና ለሜዳማ ቦታ ከአውሮፕላን በጨረር የሚለካ፣ ሊዳር የሚባለው ካርታ ይሻላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ድልድይ በከፍታ ካርታ ላይ እንደ ግድብ ይታያል። ኮምፒውተሩ ውሃው ከድልድዩ ሥር እንደሚያልፍ አያውቅም። ስለዚህ ወንዙን ድልድዩ ጋ አስቁሞ ሌላ ሰፈር ላይ ያፈስሰዋል። መሬቱን የሚያውቅ ሰው ካርታውን ቁጭ ብሎ ማረም አለበት። የመንገድ ሥር ቱቦዎች፣ የተደፈኑ ቦዮች፣ በቅርቡ የተሠሩ አጥሮች፣ ሁሉም ውሃውን ያዞሩታል። እነዚህን ማንም ሳተላይት አይነግረንም። የሰፈሩ ሰው ነው የሚነግረን።

እኔ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ለምን «ከወንዙ ራቁ» እባላለሁ?

ውሃው ገና መንገድ ላይ ስለሆነ።

ከላይ የጣለው ዝናብ ሸለቆውን ተከትሎ እስኪወርድ ጊዜ ይፈጅበታል። ገደላማ በሆነ ትንሽ ተፋሰስ ጊዜው ከአንድ ሰዓት ሊያንስ ይችላል። በትልቅ ወንዝ ላይ ቀናት ይሆናል። ደራሽ ውሃ ፀሐይ ወጥቶ እያለ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ልብስ የሚያጥቡ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ አሸዋ የሚያወጡ፣ የሚዋኙ ልጆች የሚወሰዱት እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ያ የጉዞ ጊዜ ግን ለእኛ የተሰጠ ዕድል ነው። ራዳሩ ዝናቡን በወረደበት ቅጽበት ካየው፣ ካርታው መንገዱን ካወቀ፣ ታች ያለው ሰው ያንን ጊዜ ሙሉውን ሊጠቀምበት ይችላል። ማስጠንቀቂያ ሲደርሳችሁ ሰማዩን አይታችሁ አትመዝኑት። ጉልበት ያለው ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ኖሮት ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ብዙ የቤት መኪናዎችን ይወስዳል።

ለመሬት ናዳስ ይጠቅማል?

ይጠቅማል፤ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ለጎርፍ የምንጠይቀው «አሁን ምን ያህል እየዘነበ ነው?» ብለን ነው። ለናዳ ደግሞ «አፈሩ እስካሁን ምን ያህል ውሃ ጠጥቷል?» እንላለን። ለሳምንት የራሰ ተዳፋት በመጠነኛ ዝናብ ሊናድ ይችላል። ስለዚህ የራዳሩ ዝናብ ለቀናት ይደመራል፤ ከዚያ ላይ የሚተነውና የሚሰርገው ይቀነሳል። ውጤቱ ከተዳፋቱ ቁልቁለት፣ ከአፈሩ ዓይነትና ከቀድሞ የናዳ ቦታዎች ካርታ ጋር ይመዛዘናል።

የጃፓን ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ ኪኪኩሩ የሚባል የአደጋ ካርታ አለው። በየ10 ደቂቃው ይታደሳል። ናዳን፣ የውሃ መጥለቅለቅንና የወንዝ ሙላትን በቢጫ፣ በቀይ፣ በሐምራዊና በጥቁር ያሳያል። ሐምራዊ ከመጣ መውጣት አለባችሁ። ጥቁር ከመጣ አደጋው ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው፤ ለመውጣት ረፍዶ ሊሆን ይችላል። እኔ የምወደው ነገር አለው። ካርታው ስለ ሚሊ ሜትር አያወራም። ዝናቡን ወደ አደጋ ተርጉሞ ነው የሚያሳየው። ለሕዝብ የሚወጣ ካርታ ሁሉ እንዲህ ቢሆን እመኛለሁ።

ስልኬ ላይ የራዳር ምስል አያለሁ። እንዴት ላንብበው?

በመጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። የምታዩት ምስል የ20 ደቂቃ አሮጌ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱም የአገራችሁ ሳይሆን የዓለም አቀፉ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የቀለሙን መግለጫ እዩ፤ የአንዱ መተግበሪያ ቀይ የሌላው ቢጫ ነው።

ከዚያ አንድ ምስል ብቻ አትዩ። የመጨረሻውን አንድ ሰዓት አንቀሳቅሱት። የሚሄድ ዳመና ቢበረታም ቶሎ ያልፋል። ሊያስፈራችሁ የሚገባው ቀለሙ ቦታውን ሳይለቅ ሲቀር ነው። ወይም ደግሞ አንዱ ሲያልፍ ሌላው በዚያው መስመር ሲተካ። በዚህ ጊዜ መጠነኛ ቀለም እንኳ ብዙ ውሃ ያጠራቅማል። መተግበሪያው የ3 ወይም የ24 ሰዓት ድምር ካርታ ካለው እሱን ክፈቱ።

ከራዳሩ መሃል ተነስቶ እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር ካያችሁ ዝናብ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከሌላ የሬዲዮ መሣሪያ የመጣ ረብሻ ነው፤ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ የዋይፋይ መሣሪያዎች የሲ ባንድ ራዳሮችን በዚህ ሲያስቸግሩ ኖረዋል። በጭራሽ የማይንቀሳቀስ ነጠብጣብ ደግሞ ተራራ ወይም ሕንፃ ሊሆን ይችላል።

ራዳር ከስንት ሰዓት በፊት ሊነግረን ይችላል?

ራዳር ራሱ የወደፊቱን አያይም። ያለፉት ምስሎች ዝናቡ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚያሳዩ ኮምፒውተሩ እንቅስቃሴውን ወደ ፊት ያስቀጥለዋል። ሰፊና ዝግ ያለ ዝናብ ከሆነ ለጥቂት ሰዓታት ጥሩ ይሠራል። ነጎድጓድ ከሆነ አንድ ሰዓት አካባቢ ላይ መዳከም ይጀምራል፤ አንድ የነጎድጓድ ዳመና ተወልዶ የሚሞተው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሊሆን ይችላልና። ራዳሩ ገና ያልተወለደውን ዳመና ሊያሳይ አይችልም።

ከዚያ በላይ ላለው ጊዜ የአየር ሁኔታ ትንበያ ሞዴሎች ይረከባሉ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ዘዴዎችም እየገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዲፕማይንድ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ከእንግሊዝ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር እስከ 90 ደቂቃ የሚደርስ የራዳር ትንበያ አሳትሞ ነበር። ተስፋ ሰጪ ነው። ቢሆንም ማንኛውም ዘዴ ያልተለካ ዝናብን ከየትም አያመጣም። መረጃው ደካማ ከሆነ ትንበያውም ደካማ ነው።

ራዳር በሌለበት አገር ምን ይደረጋል?

ሳተላይት አለ። ናሳና የጃፓን የጠፈር ኤጀንሲ ጃክሳ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ያመጠቁት የዝናብ ሳተላይት ከሌሎች ሳተላይቶች ጋር ተቀናጅቶ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥራት በየግማሽ ሰዓቱ የዝናብ ካርታ ይሰጣል። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። የናሳው ፈጣን ውጤት እንኳ የሚወጣው ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ለትልቅ ወንዝ ይበቃል፤ ለድርቅ ክትትል በጣም ጥሩ ነው። ለደራሽ ውሃ ግን ረፍዷል። በአንድ ቦታ ላይ ቆመው በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ፎቶ የሚልኩት ሳተላይቶች ይፈጥናሉ፤ ግን የሚያዩት የዳመናውን ጫፍ ቅዝቃዜ እንጂ ዝናቡን አይደለም።

ሌላ አስደሳች መንገድም አለ። የሞባይል ስልክ ማማዎች እርስ በርሳቸው በማይክሮዌቭ ይገናኛሉ። በመካከላቸው ሲዘንብ ሲግናሉ ይዳከማል። ከድክመቱ የዝናቡን መጠን ማስላት እንደሚቻል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተዋል። ማማዎቹ ራዳር በሌለባቸው ብዙ አገሮች ተተክለው አልቀዋል። የቀረው የስልክ ኩባንያዎች መረጃውን እንዲሰጡ መስማማት ነው። ይህ ስምምነት ከአዲስ ራዳር ግዢ በፊት መሞከር አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

በዜና የምናየው የጎርፍ ሳተላይት ራዳርም ይሄው ነው?

አይደለም። እንደ አውሮፓው ሴንቲኔል 1 ያሉት ሳተላይቶች ራዳራቸውን ወደ መሬት አድርገው በዳመና ውስጥ አልፈው የተኛ ውሃ ያሳያሉ። ዝናብ አይለኩም። የሚያልፉትም በቀናት ልዩነት ነው። ከጎርፉ በኋላ ማን እንደተጥለቀለቀ ለማወቅና የአደጋ ካርታን ለማረም ግን ወደር የላቸውም።

ማስጠንቀቂያ በስንት ሚሊ ሜትር ይወጣል?

ለሁሉም ቦታ የሚሆን ቁጥር የለም። በሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ለአሸዋማ ሜዳ ምንም ላይሆን ይችላል። አስፋልት ለለበሰ ከተማ ወይም ለራሰ ገደል ጥፋት ነው። ስለዚህ ወሰኑ በየተፋሰሱ ይወጣል፤ ቀድሞ በዘነበው መጠንም ከፍና ዝቅ ይላል። ጥሩ መነሻ የሚሆነው ያለፈ ታሪክ ነው፦ ባለፉት ጎርፎች ቀን ምን ያህል ዘንቦ ነበር? ምን ያህል ዘንቦስ ጎርፍ ሳይመጣ ቀረ?

ወሰኑ ዝቅ ካለ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ይበዛል፤ ሰው ይሰለቻል። ከፍ ካለ ሰው ይሞታል። በሁለቱ መካከል መምረጥ የባለሙያ ብቻ ሥራ ሊሆን አይገባም። አደጋው ላይ ያለው ሕዝብ ቁጭ ብሎ መነጋገር አለበት። በከንቱ መውጣትን የሚመርጥ ሰፈር አለ፤ ያንን ማወቅ የሚቻለው በመጠየቅ ነው።

ሁሉ ነገር ባላቸው አገሮችስ ሰው ለምን ይሞታል?

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 እና 15፣ 2021 በጀርመን የደረሰው ጎርፍ ከ180 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በአር ወንዝ ሸለቆ ነበሩ። ራዳር ነበረ፤ ካርታ ነበረ። የአውሮፓ የጎርፍ ትንበያ ሥርዓት ከቀናት በፊት ማሳወቂያ ልኮ ነበር። ከወንዙ ላይ ያሉት መንደሮች በምሽት ተጥለቀለቁ። ታች፣ አር ከራይን ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ያለችው ዚንዚግ ከተማ ውሃው የደረሳት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። እዚያ በአንድ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ 12 ሰዎች ሞቱ። ላይ በሆነው ነገርና ታች በደረሰው ሞት መካከል ሰዓታት ነበሩ።

መረጃው ወደ ውሳኔ፣ ውሳኔውም ወደ ሰዎቹ በር አልደረሰም። «ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል መልእክት ለአንዲት እናት ምን አድርጊ እንደሚላት አይታወቅም። «ውሃው በሁለት ሰዓት ውስጥ የእናንተን መንገድ ይሞላል፤ አሁኑኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ውጡ» የሚለው ግን ይገባል። ካርታው ይህንን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ያስችላል። ሥርዓቶቻችን ግን አሁንም በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው የሚልኩት። ይህ ያሳስበኛል።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በአንድ አካባቢ ላሉ ስልኮች ሁሉ በአንዴ የሚደርስ የማስጠንቀቂያ ስርጭት ጀመረች። ይህ ከተራ አጭር መልእክት ይለያል። የስልክ ቁጥር አይፈልግም፤ መስመር ሲጨናነቅም አይዘገይም፤ በካርታ ላይ በተከለለ ቦታ ላሉት ብቻ ይሄዳል። ስልክ ለሌለው ደግሞ ሳይረን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ደወል፣ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ያስፈልጋል።

ቤታችን ያለበት ቦታ የአደጋ ካርታው ላይ ነጭ ነው። ደህና ነን?

እርግጠኛ አትሁኑ። ነጭ ቦታ «አደጋ የለም» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ማንም አላጠናውም» ማለትም ሊሆን ይችላል። ብዙ ካርታዎች ትልልቅ ወንዞችን ብቻ ነው የሚያሰሉት። ክረምት ብቻ ውሃ የሚይዝ ሸለቆ ይዘለላል። ካርታው መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። ከዚያ ወዲህ ላይ ደን ተጨፍጭፎ ወይም ሰፈር ተሠርቶ ከሆነ ውሃው ከበፊቱ ፈጥኖ ይመጣል።

ብዙ ገንዘብ የሌለው አካባቢ ከየት ይጀምር?

ከካርታው። ራዳሩ ሊቆይ ይችላል።

ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ማንም ሰው ቤቱን፣ መንገዱንና ወንዙን የሚጨምርበት ነፃ ካርታ ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌርም ነፃ ነው። ነፃውን የከፍታ መረጃ በእሱ ከፍቶ ተፋሰሱን ማውጣት በሥልጠና በቀናት ውስጥ የሚለመድ ሥራ ነው። ሽማግሌዎችን ይዛችሁ በሰፈሩ ዙሩ። ያለፈው ሙላት ውሃ የት ድረስ እንደደረሰ ይጠቁሟችሁ፤ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ካርታው ላይም ጻፉት። ይህ መረጃ የትም አይገዛም።

ቀጥሎ ከላይ፣ ከወንዙ ራስጌ፣ የእጅ ዝናብ መለኪያና በቀለም የተመለከተ የውሃ ከፍታ ምሰሶ አቁሙ። የሚያነብ ሰው ምረጡ፤ አንድ ብቻ ሳይሆን ምትክም ይኑረው። ውሃው ቀዩን መስመር ሲነካ ማን ለማን እንደሚደውል ተስማሙ። የስልኩን ዝርዝር ከክረምት በፊት አድሱት፤ ቁጥር ይቀየራል፤ ሰውም ቦታ ይለውጣል። በሌሊት አንድ ጊዜ ደውላችሁ ሞክሩት፤ ማን እንደማያነሳ ያኔ ይታወቃል። አረጋውያንን፣ ሕመምተኞችንና አካል ጉዳተኞችን የሚያወጣው ሰው በስሙ ይታወቅ። ራዳሩ ሲመጣ የሚልከው መረጃ የሚገባው በዚሁ በተሞከረ መስመር ነው።